የቫኑ ወንበርና የጓሮው ደረጃ

ጁን 2፣ ሰኞ

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ዓይኔ ተከፈተ። እንደ ልማዱ። ከዛሬ ጀምሮ ቤት ሆኜ እንደምሠራ ለሰውነቴ የነገረው የለም። ሩዝ ጣድኩ። የባሌን ምሳ ቋጠርኩ፣ የልጄን ቋጠርኩ፣ የራሴን ልቋጥር የሙዝ ቅጠል ካነሳሁ በኋላ… ወዴት ልወስደው ነው? መልሼ አስቀመጥኩት።

ሠራተኛ ኮሎምቦ የሚያመላልሰው ቫናችን ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲል አለፈ። ሞተሩን ከሺህ ሞተር እለየዋለሁ። ሹፌራችን ቲላክ አይያ ("አይያ" ታላቅ ወንድም ማለት ነው) በራችን ላይ ሲደርስ ሁለት ጊዜ አጭር ጥሩምባ ነበር የሚነፋልኝ። ዛሬ ዝም ብሎ አለፈ። ልክ ነው፣ ምን ብሎ ይነፋል? ግን ከፋኝ።

ነገሩን እዚህ ላስቀምጠው፣ በኋላ ራሴን እንዳላታልል። የኢንሹራንስ ድርጅታችን ሁለት ወር ከቤት ሆነን እንድንሞክር ፈቅዷል። እስከ ጁላይ 31 ወይ ቤት ወይ ቢሮ ብለን እንፈርማለን። ከዚያ በኋላ መመለስ የለም፣ ጠረጴዛ እየቀነሱ ነው። ከካሳ ክፍል እጄን ያወጣሁት እኔ ብቻ ነኝ። ለምን አወጣሁ? ከሆራና ከተማ ኮሎምቦ ደርሶ መልስ አራት ሰዓት መንገድ ነው። ወገቤ አልቋል። ደግሞ ኦሻዲ… ልጄ አሥራ አራት ዓመት ሞላት። ጠዋት ተኝታ ትቻት እወጣለሁ፣ ማታ ደብተሯ ላይ ተደፍታ አገኛታለሁ። "ጀርባዋን እያየሽ አሳደግሻት" አለኝ ሉሻን። ባሌ ሲቀልድ እንዲህ ነው። አልሳቅኩም።

ትራሴን ቫኑ ውስጥ ትቼዋለሁ። ሦስተኛው ረድፍ፣ በመስኮት በኩል፣ ከሥራ ባልደረባዬ ከማነል ጎን። (በስድስት ዓመት ስለምትበልጠኝ "አካ" ነው የምላት፣ እንደ ታላቅ እህት።) አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጥኩበት ወንበር ነው። በኛ ቫን ሕግ ዕቃው ያለ ሰው አለ ማለት ነው። የባንኳ ሴትዮ ለወሊድ ስትቀር ጃንጥላዋ አራት ወር ሙሉ ወንበሯን ጠብቆላታል።

ጁን 3፣ ማክሰኞ

ሃያ ሰባት ፋይል ጨረስኩ። ቢሮ ቢሆን አሥራ ስምንት። ዶፉን ሳልረጥብ በመስኮት አየሁት። እስከ ዛሬ የት ነበርኩ?

ጁን 5፣ ሐሙስ

ምሳ ብቻዬን። ሩዝና በጨው የደረቀ፣ የተጠበሰ ዓሣ። ከዓሣው ግማሹን ወደ ሳህኑ ዳር ገፋ አድርጌ ተውኩት፣ ከዚያ ነው የገባኝ። የማነል አካ ድርሻ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የኔን ዓሣ ግማሽ እሷ፣ የሷን የጃክፍሩት ወጥ ግማሽ እኔ። ሳንነጋገር ነው የምንለዋወጠው፣ እጃችን ራሱ ያውቀዋል።

ደወልኩላት። "አጠገብሽ ማን ተቀመጠ?" ልላት ነበር። "ዝናቡ እንዴት ነው?" ብዬ ዘጋሁ።

ጁን 6፣ ዓርብ

የቫኑ ዋትሳፕ ላይ ፎቶ ወጣ። የአንዱ ልደት ነው፣ ኬክ ተቆርሷል። ኬኩን መች አየሁት! ያየሁት ሦስተኛው ረድፍ በመስኮት በኩል ያለውን ነው። ሂማሻ። የኔን ትራስ ተደግፋ፣ ሠላሳ ሁለቱንም ጥርሷን አውጥታ።

ሂማሻ የኛው ክፍል ልጅ ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ከተቀጠረች ዓመት አልሞላትም። እስከ ባለፈው ሳምንት በአውቶቡስ ነበር የምትመጣው።

ማታ ማነል አካ ደወለች። ገብቷት ነው።

"ፎቶውን አይተሻል መሰለኝ።"

"የቱን?"

"ልጅቷ አሳዘነችኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆማ… እግሯ አብጦ ነበር። ቲላክ አይያን የለመንኩት እኔ ነኝ። አንቺ እስክትመለሺ ነው እኮ።"

"ኧረ ምን ችግር አለው! ትቀመጥ እንጂ።"

እንዲህ ያለ ውሸት ከአፌ ሲወጣ ራሴንም ገረመኝ። ስልኩን ዘግቼ ፎቶውን አሥር ጊዜ አየሁት። አጉልቼ። ትራሴን ገልብጣዋለች፣ አበባው ወደ ውስጥ ዞሯል።

ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት። በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ በአንድ የቫን ወንበር።

ጁን 10፣ ማክሰኞ፣ የፖሶን በዓል

በየዓመቱ ለፖሶን፣ ለቡድሃ እምነት የሙሉ ጨረቃ በዓል፣ የቫናችን ሰዎች መገንጠያው ላይ ካሳቫ ቀቅለን ለመንገደኛ በነፃ እናድላለን። ድስቱ የቲላክ አይያ፣ ጭልፋው የኔ። ስድስት ዓመት ጭልፋውን ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።

አማቴን ቤተ መቅደስ አድርሼ ስመጣ አረፈድኩ። ጭልፋው በሂማሻ እጅ ነው!

"ኢኖካ አካ! ነይ ነይ፣ ሰልፉ ረዝሟል" አለችኝ። አስተናጋጇ እሷ ሆና።

"አይከብድሽም?"

"ኧረ! ማነል አካ አስተማረችኝ። ከሥር አማስይ፣ አለበለዚያ ያርርብሻል አለችኝ።"

ከሥር ማማሰልን ለማነል ያስተማረቻት ማን ሆነችና? እኔ ነኝ።  ካሳቫው የሚቀርብበትን የሙዝ ቅጠል እየጠረግኩ ማቀበል ደረሰኝ።

ቲላክ አይያ ከሩቅ ጮኸ። "የቤት እመቤታችን መጣች! ፀሐይ አያገኝሽም እንዴ፣ እንደ ነጭ ሽንኩርት ነጣሽ እኮ!" ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ይሄ ምንም አይደለም።

የበላኝ ሌላ ነው። ማነል አካና ሂማሻ ድስቱ ላይ አጎንብሰው አንድ ነገር ተንሾካሾኩና በሳቅ ሞቱ።

"ምንድን ነው?" አልኩ።

"አይ… የሐሙሱ የቫን ነገር ነው። ብነግርሽም አያስቅሽም" አለች ማነል አካ፣ ዓይኗን እየጠረገች።

 ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል ይላሉ። ስምንት ቀን ብቻ ነው እኮ የራቅኩት!

ጁን 12፣ ሐሙስ

አለቃችን ሚስተር ጃያኮዲ በወደብ የተጎዱትን መኪኖች ፋይል ለሂማሻ ሰጣት። እኔ እየጠበቅኩት የነበረውን። "አጠገቤ ስለነበረች ነው" አለኝ በስልክ። አጠገቡ!

ጁን 17፣ ማክሰኞ

ዛሬ የሠራሁትን ለማንም አልናገርም። ለዚህ ደብተር ብቻ።

በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል መገንጠያው ላይ ቆሜ ነበር። ለምን? ቫኑ ሲያልፍ ሦስተኛውን ረድፍ ላይ። በቃ። እንደ ሌባ ከዳቦ ቤቱ ጥላ ሥር። ቲላክ አይያ ግን ዓይኑ ጭልፊት ነው። ሁለት አጭር ጥሩምባ ነፍቶ ቀጥ! አሥራ አራት አንገት ወደኔ ዞረ።

"እህቴ፣ ትሳፈሪያለሽ እንዴ?"

"ዳቦ… ዳቦ ልገዛ ነው።"

ዳቦ ቤቱ ዝግ ነው። ከኋላዬ ቁልፉ ተንጠልጥሏል። ማነል አካ መስታወቱን ከፈተች፣ በሂማሻ ደረት ላይ ተንጠራርታ። "ኢኖካ፣ ደህና ነሽ?"

እግዜር ይስጣት አማቴን፣ ለጎረቤት ያስያዘችኝ የተጠበሰ ዓሣ በእጄ ነበር። "ለአንቺ ነው ያመጣሁት። ምሳሽ ላይ… እንደ ድሮው።"

የማነል አካ ፊት በራ። ቲላክ አይያ ተቀበለኝ። "ከዛሬ ጀምሮ በየማክሰኞው ዓሣ ጫኝ ሆንኩ በይኛ!" አለ።

ቤት ስመለስ አፈርኩም፣ ደስም አለኝ። ወንበሩን ባጣም እጄ እዚያ ይቆያል። በየማክሰኞው እልካለሁ።

ጁን 19፣ ሐሙስ

ሳሎን ኢንተርኔቱ እየተቆረጠ አስቸገረኝ። ጠረጴዛዬን ወደ ኋላው መኝታ ቤት ወሰድኩት። መስኮቱ ወደ ጓሮ ነው የሚከፈተው።

ስምንት ሰዓት ላይ ኦሻዲ ከትምህርት ቤት መጣች። እንደ ማታው "ደህና ነኝ" ብላ የምታልፍ መስሎኝ ነበር። እንዴት ያለ ነገር ነው የሰማሁት! ጫማዋን ወረወረች፣ ሳህኗን ይዛ ጓሮ ደረጃው ላይ ከአማቴ ጎን ዘጭ። ከዚያ ወሬ። ሳይንስ መምህሯ እንዴት እንዳስነጠሰ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የአንዷ ፀጉር እንዴት እንደተቃጠለ… አማቴ ኮኮናት እየፋቀች "ኧረ?" ትላለች። "ከዚያስ?" ትላለች። ሌላ ምንም አትልም። ልጄ አርባ ደቂቃ ሙሉ አወራች።

ይቺ ልጅ ይሄ ሁሉ ወሬ ነበራት?

ማታ "ትምህርት እንዴት ነበር?" አልኳት። "ደህና ነበር" አለችኝ።

ጁን 25፣ ረቡዕ

ሂማሻ ስለ ፋይል ደወለች። ጨርሳ ልትዘጋ ስትል፦

"ኢኖካ አካ፣ የዓሣሽ ነገር! ትናንትም ጣቴን ልበላ ነበር።"

"…የኔን ዓሣ?"

"የማክሰኞውን። ማነል አካ ሙሉውን ለኔ ነው የምትሰጠኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ ምሳ መቋጠር ትቻለሁ!"

ደሜ ፈላ። በእጄ ያጠብኩት፣ በእጄ የጠበስኩት፣ በጠዋት ተነስቼ! ወንበሬን ሰጠኋት፣ ጭልፋዬን፣ ፋይሌን፣ አሁን ደግሞ ዓሣዬን በየሳምንቱ ጠብሼ እልክላታለሁ። ለተቀናቃኜ ስንቅ አቀባይ ሆኛለሁ።

ማነል አካ ጋ አልደወልኩም። ብደውል ምን እንደምል አላውቅም።

ጁን 26፣ ሐሙስ

ስምንት ሰዓት ሲደርስ ጆሮዬ ራሱ ቀጥ ይላል። ዛሬ ግን የኦሻዲ ድምፅ ዝቅ ያለ ነበር።

"ሴናሊ ዛሬም ከዚያችኛዋ ጋር ተቀመጠች።" ሴናሊ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ዴስክ የምትጋራት ጓደኛዋ ናት።

"አንቺስ?"

"ብቻዬን። ቦርሳዬን ጎኔ አስቀምጬ ዋልኩ፣ ሰው ያለ እንዲመስል።"

አማቴ ኮኮናቷን ፋቀች ፋቀችና "ቦርሳ ጥሩ ጓደኛ ነው" አለች። "ምሳሽን አይሻማሽም።"

ልጄ ሳቀች። እያለቀሰች ነበር መሰለኝ፣ ግን ሳቀች። ከዚያ፦

"አያቴ፣ ለእማዬ እንዳትነግሪያት። ትምህርት ቤት መጥታ ታዋርደኛለች።"

"አልነግራትም።"

እሷ ቦርሳዋን፣ እኔ ትራሴን። ደም ነው መሰለኝ። ተነስቼ ሄጄ ላቅፋት ፈለግኩ። ግን በምን አፌ? አልተነገረኝም እኮ። የልጄን ሐዘን ከግድግዳ ጀርባ ሰረቅኩት።

ሂማሻን አሁን ረሳኋት። የቀናሁት በሰባ ሁለት ዓመት አሮጊት ነው። "አልነግራትም" ስትል እንዴት ቀለል አድርጋ እንዳለችው! አምስት ዓመት ሙሉ፣ አማቴ እኛ ጋ ከገባች ጀምሮ፣ እኔ መንገድ ላይ እያለሁ ይሄን ሁሉ ስትቀበል ኖራለች።

ጁላይ 1፣ ማክሰኞ

አበላሸሁት።

ዓሣ አልላክሁም። ቫኑ ሁለቴ ነፋ፣ አልወጣሁም። ቀኑን ሙሉ ተናድጄ ዋልኩ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ማዳመጫዬን ከራሴ ላይ አወለቅኩ፣ የምሠራበትን ወንበር ተሸክሜ ጓሮ ወጣሁ፣ ደረጃው ፊት ለፊት አስቀምጬ ተቀመጥኩ።

"እሺ፣ የኔ ቆንጆ! ዛሬ ምን ተማራችሁ?"

"ሂሳብ።"

"ሴናሊስ ደህና ናት?"

ኦሻዲ ወደ አያቷ ዞራ አየቻት። እንዴት ያለ አስተያየት! አማቴ እጇን ከኮኮናቱ ላይ አነሳች። "እኔ አልተናገርኩም" የሚል ዓይን ነበር ዓይኗ።

ልጄ ሩዟን በሦስት ጉርሻ ጨርሳ ገባች።

ጁላይ 2፣ ረቡዕ

ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ በላች። ደረጃው ላይ ማንም የለም። አማቴ መፋቂያዋን ይዛ የውሃ ጉድጓዱ ጋ ሄዳ ብቻዋን ፋቀች።

ጁላይ 3፣ ሐሙስ

ጉድጓዱ ጋ ሄድኩ። ቁጭ ሳልል።

"እማማ፣ ዛሬም ውስጥ ነው የበላችው።"

"አየሁ።"

"ምን አደረግኳት? እናቷ ነኝ እኮ!"

"አይደለሽም ያለሽ አለ?" ኮኮናቱን አገላበጠች። "ልጄ፣ እኛ መሬት ላይ ነን። አንቺ ወንበር ይዘሽ መጣሽ። ፖሊስ ጣቢያ የገባን መሰለን።"

 እውነቷን ነው።

"የሴናሊን ነገር እርስዎ እንዳልነገሩኝ ለኦሻዲ ይንገሯት። ከመስኮት ነው የሰማሁት።"

"ነግሬያታለሁ። አላመነችኝም።"  ከዚያ ሳታየኝ፣ "ያቺ ደረጃ አምስት ዓመት የኛ ነበረች። ማንም ፈልጓት አያውቅም። እኔ ከዚያ ሌላ ምን አለኝ?" አለች።

ኮኮናቷን መፋቅ ቀጠለች።

ስገባ እያንዳንዱ ነገር ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ወር ሙሉ "ወንበሬን ወሰደችብኝ" እያልኩ የምቃጠል ሴትዮ፣ ሄጄ የሰው ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ሂማሻስ ተለምኖላት ነው የተቀመጠችው። እኔ ሳልጠራ። ከነወንበሬ!

ጁላይ 8፣ ማክሰኞ

ማታ ማታ ኦሻዲን ምንም አልጠይቃትም። አራት ቀን ሆነኝ። አፌን ይበላኛል።

ዛሬ ወደ ደረጃው ተመለሰች። መጀመሪያ ሳህኑ ሲቀመጥ ሰማሁ፣ ቀጥሎ የአማቴን "ኧረ?"። አልወጣሁም። መስኮቱን ልዘጋ እጄን ዘረጋሁ… ግማሹን ብቻ ዘጋሁት። ግማሽ ሐቀኛ ነኝ።

እሷን ሳዳምጥ እሳት ላይ የጣድኩት ሩዝ አረረ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ጁላይ 15፣ ማክሰኞ

ማነል አካ ስልክ ደወለች፣ አላነሳሁም። ሁለተኛም ደወለች። ዓሣ መላክ ካቆምኩ ሦስት ማክሰኞ ሆነ።

ሉሻን "ታዲያ ምን ወሰንሽ?" አለኝ። እኔ እንጃ። ቢሮ ብመለስ ወንበሬ አለ፣ ማነል አለች፣ የምቀናባት ልጅ ትነሳለች። ቤት ብቀር የማይፈልገኝ ደረጃ። ለዚህ ነው ወገቤን ብዬ የተውኩት?

"ወደ ቢሮ ሳትመለሺ አትቀሪም" አለ ባሌ። "እዚህ ከማን ጋር ትጣያለሽ?" ቀልዱ እንደሁ አይለቀው።

ጁላይ 22፣ ማክሰኞ

ዛሬ ቢሮ ዋልኩ። ሙከራ ላይ ያለነው ሁሉ ለአንድ ቀን ተጠርተን ነው። በዝርዝር ልጻፈው፣ መወሰኛዬ ሳይሆን አይቀርም።

ቫኑ ሁለቴ ነፋ። ነፍሴ እንዴት እንደዘለለች! ገና እግሬን ሳስገባ ሂማሻ ከመስኮቱ በኩል ተነሳች።

"አካ፣ ቦታሽ።"

"ተቀመጪ ግድ የለም" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ተቀመጥኩ! እሷ ከኋላ ጎማው ላይ ሄደች፣ እያንዳንዱ ጉድጓድ የሚያነጥርበት ወንበር ነው። ትራሴ ጎኑ ተቀዶ ነበር፣ ሰፍታዋለች። ጥሩ ስፌት ነው። ይሄም አናደደኝ።

ምሳ ላይ ማነል አካን አፋጠጥኳት።

"ዓሣዬን ለልጅቷ ነው አሉ የምትሰጪው።"

ማነል አካ የጃክፍሩቱን ወጥ ግማሽ ወደኔ ከፍላ ጨረሰች፣ ከዚያ ነው የመለሰችልኝ።

"ሐኪሙ ጨው ከከለከለኝ ሁለት ዓመት አለፈኝ።"

"ሁለት ዓመት? ዝም ብለሽ ስትበዪ አልነበር እንዴ!"

"አንድ ቁራጭ እቀምስልሻለሁ። የቀረውን በወረቀት ጠቅልዬ ለቲላክ አይያ ድመት።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ዓሣውን ትተዪ ነበር። ከዚያ የኔን ወጥ በነፃ አልበላም ትያለሽ። አውቅሻለሁ እኮ፣ ኩራተኛ ነሽ። ከዚያ ሁለታችንም የየራሳችንን…" እጇን አራገፈች። "ድመቱ ወፍሯል፣ ሄደሽ እይው።"

መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ ሳቅ አፈነኝ። ሁለት ዓመት በድመት መቅናት ሲገባኝ በልጅቷ! ሁለታችንም እያለቀስን ሳቅን። ሂማሻ ከወዲያ ጠረጴዛ "ምንድን ነው?" አለች። "ብንነግርሽም አያስቅሽም" አልኳት። ክፉ ነኝ። ጣፈጠኝ።

እንግዲህ የፈለግኩት ሁሉ በእጄ ነው። ወንበሬ፣ ወጤ፣ ማነል። አለቃችንም አጠገቡ ስለነበርኩ አንድ ጥሩ ፋይል ሰጠኝ።

ከዚያ ስምንት ሰዓት ሆነ።

ጆሮዬ ቀጥ አለ። ቢሮ ውስጥ! የሳህን ድምፅ ጠበቅኩ። ሴናሊ ዛሬ የት ተቀመጠች? ትናንት ኦሻዲ ለአያቷ "ነገ እነግርሻለሁ" ስትል ሰምቻለሁ። ዛሬ ነው ያ ነገ። ማነል አካ አንድ ነገር ታወራኛለች፣ እኔ አልሰማትም። ወደ ኮሪደር ወጥቼ ቤት ደወልኩ። አማቴ አነሳች።

"ደህና ናችሁ?"

"ደህና ነን። ልጅቱ እየበላች ነው።" ከጀርባዋ ኦሻዲ ትስቃለች። ከልቧ። "ምን ፈለግሽ?"

"ምንም… ሩዙ እንዳያርር ብዬ።"

"ጨርሰን በላነው እኮ" ብላ ዘጋችው።

ምን አሳቃት? ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀናሁ። የቫኑ ቅናት ከዚህ ጋር ሲተያይ የልጅ ጨዋታ ነበር። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሂማሻን ረስቻታለሁ። ደረጃውን ግን አርባ ኪሎ ሜትር ርቄም አልረሳሁት።

ሁለት ወር ሙሉ የምፈልገውን ራሴን ስጠይቅ ነበር። ለካ ቅናቴን መጠየቅ ነበረብኝ።

ስንመለስ ሂማሻን ከጎማው ላይ አስነስቼ ከማነል ጎን አስቀመጥኳት። እኔ ከኋላ ሄድኩ። ወገቤ እስከ አሁን ያመኛል።

ጁላይ 24፣ ሐሙስ

ፈረምኩ። ቤት።

ሉሻን "ያ ደረጃ እኮ አልተቀበለሽም" አለኝ። አውቃለሁ። ካልተቀበለኝም እዚሁ ግድግዳው ጀርባ ሆኜ ልቅና።

ጁላይ 28፣ ሰኞ

ለቲላክ አይያ ደወልኩለት። ወንበሩ የሂማሻ ይሁን አልኩት። ትራሱም።

"አስበሽበታል? በኛ ቫን አንዴ ከተሰጠ ተሰጠ ነው።"

"አስቤበታለሁ።"

"ዓሣውስ?"

"ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል። ግማሹ ለልጅቷ፣ ግማሹ ለድመቱ።"

ከሳቁ ብዛት መኪና ያጋጨ መሰለኝ። ከዘጋሁ በኋላ አለቀስኩ። አሥራ አንድ ዓመት ቀላል አይደለም።

ጁላይ 29፣ ማክሰኞ

ዓሣውን ሰጠሁት። ሲነሳ ሁለቴ ነፋልኝ፣ ቆሜ እያየሁት። ሂማሻ በመስኮቱ እጇን አወዛወዘች። ትንሽ… ትንሽ ብቻ ነው የቆጠቆጠኝ።

ጁላይ 31፣ ሐሙስ

ጠዋት ዘንቦ አባራ። ስምንት ሰዓት ላይ መጣች። ሳህን። "ኧረ?" እኔ ከመስኮቱ ጀርባ የተጨረመተ የመኪና በር ፎቶ ፊት ለፊቴ ከፍቼ፣ እጄን አገጬ ላይ አድርጌ።

"ሴናሊ ዛሬ መጣች" አለች ኦሻዲ። ከዚያ ዝም።  ጆሮዬን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ።

"እማዬ!"

ደነገጥኩ።

"እማዬ፣ እየሰማሽ እንደሆነ አውቃለሁ እኮ። ግማሽ መስኮት ማን ይከፍታል? ወይ ዝጊው፣ ወይ ውጪ!"

ወንበሩን ልይዝ ነበር። እጄ ነክቶታል። ተውኩት።

ባዶ እግሬን ወጣሁ። ደረጃው ሦስት እርከን ነው። ላይኛው ላይ ልጄ፣ መካከለኛው ላይ አማቴ ከመፋቂያዋና ከኮኮናት ቅርጫቷ ጋር። ታችኛው ዝናብ ያረጠበው ነው። እሱ ላይ ቁጭ አልኩ። ቀሚሴ ራሰ። ምንም አልጠየቅኩም። ጥርሴን ነክሼ አልጠየቅኩም! ግማሽ ኮኮናት አንስቼ ቅርፊቱን መላጥ ጀመርኩ።

ኦሻዲ አየችኝ።  ከዚያ ወደ አያቷ ሳይሆን በሁለታችን መሃል ወደ ጉድጓዱ እያየች ወሬዋን ቀጠለች። ሴናሊ መጣች፣ ቦርሳውን አንስታ መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ምንም ሳትል ተቀመጠች። ምሳ ላይ ደግሞ…

"ከዚያስ?" አልኩ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። የአማቴ ቃል ነው።

አማቴ እጇን አቆመች። ከንፈሯ ጠበቀ። ያንን ከንፈር አውቀዋለሁ፣ ሁለት ወር መስታወት ውስጥ ያየሁት ነው። ቀናች። ቅናትን ከኔ በላይ ማን ያውቃል?

ዓይኔን ወደ ኮኮናቱ መለስኩ። "ይቅርታ እማማ" አልኩ፣ ቀስ ብዬ።

 አማቴ ወደኔ ሳታይ፣ ቅርጫቷን በእግሯ ገፋ አድርጋ ከአጠገቧ አንድ ስንዝር ደረቅ ቦታ አወጣችልኝ።